ለአሮጌ ቴፕ የገባ አምፕሊፋየር

መኪናው ውስጥ አምፕሊፋየር የሚያስገባ ሰው ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ አንዱ ጆሮ፣ ሌላው ይሉኝታ። ይህን ለዓመታት በጽሑፍም በቃልም ብያለሁ። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ካለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደጅ የቆምኩት ግራ ቀኝ አይቼ ነው።

ያመጣኝ ካሴት ነው። ባለቤቴ ለንግሥ እንጦጦ ስትወጣ ትንሽ መቅረጫ ነጠላዋ ሥር ይዛ መዝሙሩን ትቀዳ ነበር። እኔ ሕዝብ በተሰበሰበበት አልገኝም የሚል አቋም ስለነበረኝ ባሕር ዛፉ ሥር መኪናዬን አቁሜ መጽሐፍ አነብ ነበር። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። የተረፈችኝ ካሴት አንዲት ናት። ለመቅረጫው ከሁሉም የምትቀርበው እሷ ብትሆንም ድምጿን ከፍ አድርጋ አትዘምርም ነበርና፣ ከእልልታው ሥር እንደ ቀጭን ክር ነው የምትሰማው። የቤቱ ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የቀረኝ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣው ነው። ያንን ክር ጎላ አድርጌ መስማት ፈለግሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነቅዬ ብሉቱዝ ያለው ላስገባልዎት» አለኝ ሠራተኛው።

«ብሉቱዝ ካሴት ይውጣል?»

«አይውጥም።»

«እንግዲያው አትንካው።»

«ካሴቱም እኮ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል።»

«እሷ ፍላሽ አታውቅም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ካቻቢቴውን አነሳ።

የድሮ ቴፕ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ የለውም። ስለዚህ ወደ በሮቹ ስፒከሮች የሚሄዱትን ሽቦዎች ቆርጦ፣ በአንዲት ትንሽ ሳጥን በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ መራቸው። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በፊውዝ አሳልፎ ሳበ። አምፕሊፋየሩን ያሰረው እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ሥር ነው። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ካቻቢቴውን እየጠረገ። «ይሄ ዕቃ አይመርጥም። የሚፈልጉትን ሲያጎላ የማይፈልጉትንም ያጎላል።»

ወደ እንጦጦ እየወጣሁ ካሴቱን ከተትኩ። እንዳለውም ሆነ። ከበሮው መስታወቱን አንቀጠቀጠው፤ የካሴቱ ሽውታ ዝናብ መሰለ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ዞረው ሲያዩኝ፣ ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው የጻፍኩትን ሁሉ ፊታቸው ላይ አነበብኩት። እሷ ግን ያው ክር ነበረች፤ ሌላው ሁሉ አብሯት ጎላ።

ድሮ መዝሙሩ ሲያልቅ ካሴቱን እናወጣው ነበር፤ ቀሪው ባዶ ይመስለን ነበር። አሁን እጄ ዘገየ። ጠጠር ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ፣ ቀጥሎ የመኪና በር። መቅረጫውን ማጥፋት ረስታ ኖሯል።

«ብርድ አልመታህም?» አለች፤ ከበሮም እልልታም ሳይጋርዳት፣ ጥርት ብላ። «መጥተህ ብትሰማ ምን ነበረበት?»

«ቆይ፣ ገጹን ልጨርስ» አለ አንድ ሰው። ድምፁ የራሴ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ከዚያ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ፣ ቀጥሎ አንድ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ካሴቱም ቀጭ ብሎ ቆመ።

መጽሐፉ ምን እንደነበር አላስታውስም። መኪናዋን ዳር ይዤ አቆምኩና ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደገና ለቀቅኩት። ጥያቄዋን እንደጨረሰች፣ ሰውዬው አፉን ሳይከፍት፣ አጠፋሁት።