ሻካራዋ እንቁላል

ያን ክረምት ከዳባት ወረድ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ትል በመለየት እኔን የሚያክል የለም ባይ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ሆዳቸውን አሟቸው መጡ። የሰገራ ናሙናውን ከቤታቸው ይዘው፣ ዕቃው ለሰው ዓይን ያሳፍራል ብለው በእርጥብ ቅጠል ጠቅልለውታል። ቅጠሉን ወደ ቆሻሻ ጣልኩና ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ ቡናማ፣ ክብ፣ ፊቷ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻካራ። የወስፋት እንቁላል ናት ብዬ ጻፍኩ። መድኃኒት ተሰጣቸው።

በወሩ ናሙናውን እንደዚያው በቅጠል ጠቅልለው ተመለሱ። ሕመሙም አለ፣ እንቁላሏም አለች። ሌላ መድኃኒት ዋጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቅጠል ይዘው ሲመጡ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ ያቺ ሻካራ ግን ቁጭ ብላለች። ግራ ገባኝ። መድኃኒቱ ነው የተበላሸው ወይስ እሳቸው አይውጡትም? ብስጭት ብዬ በትክክል ውጠውታል ወይ አልኳቸው። አልተቆጡም። ሆዳቸው መቅደስ ውስጥ እንዳያዋርዳቸው ፈርተው ቅዳሴ ካቆሙ ሁለት ወር እንደሆናቸው፣ የደብሩ ንግሥ ደግሞ እንደደረሰ ነገሩኝ።

«ቄስ ከገባ አቋርጦ አይወጣም። ልቀድስ ወይስ አልቀድስ? አንቺ በይኝ» አሉ።

እኔ ምን አውቄ! ደጅ ይጠብቁኝ ብዬ እንደገና አጎነበስኩ። ትኩር ብዬ ሳይ እንቁላሏ ላይ እንደ ባላ እንጨት የተከፈለ መስመር አለ። የወስፋት እንቁላል እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ሌላዋም ላይ አለ። ዓይኔን ተጠራጠርኩ፣ የማይክሮስኮፑን መነጽር ወለወልኩ፤ መስመሩ አልጠፋም። ጓንቴን ሳወልቅ ቅጠሉን የያዝኩባቸው የጓንቲው ጣቶች ቡናማ ብናኝ ይዘዋል። ቅጠሉን ከቆሻሻው አወጣሁት። ትምህርት ቤት ፈርን ብለን የተማርነው ነው፤ አበባ የለውም፣ የሚራባበት ብናኝ ከጀርባው ነው። ብናኙን ብቻ መስታወት ላይ አራግፌ አየሁ። ያው ክብ፣ ያው ሻካራ፣ ያው ባላ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ነው። አፈርኩ።

ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወስፋት እንዳልነበረባቸው፣ ያየሁት የቅጠል ብናኝ እንደነበር፣ በከንቱ መድኃኒት እንዳስዋጥኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዳቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ወስፋት ነው ያልሽኝ ጊዜ እፎይ ብዬ ነበርኮ፣ ልጄ። ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው?»

አላውቅም አልኳቸው። ጎንደር ሄደው እንዲታዩ ወረቀት አጻፍኩላቸው። በንግሡ ዕለት አልቀደሱም፤ ከእኛ ከምእመናኑ ጋር ደጅ ቆመው አስቀደሱ።