አቶ እንደሻው ያወረዱት ምንጣፍ

በ1975 ዓ.ም. ባለቤቴ ወደ ሐረር ተዛወረና፣ የቀበሌ ቤት እስኪሰጠን ድረስ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ገባ ብሎ ባለው የአዴ ሳፊያ አልጋ ቤት ተቀመጥን። አዴ ሐረሮች ለትልቅ ሴት የሚሉት የአክብሮት መጠሪያ ነው። አልጋ ቤት ይባል እንጂ የሰው ግቢ ነው። አዴ ሳፊያ ባላቸው ሲሞቱ በግቢው ዳር የነበሩትን የእህል ማስቀመጫዎች አስጠርገው፣ ኖራ አስቀብተው፣ አራት የእንግዳ ክፍል አወጡ። አልጋው የሽቦ ስለሆነ መሐሉ ይጎደጉዳል። ውሃው ለሁሉም አንድ ቧንቧ ነው። አንሶላው ግን ንጹሕ ነበር፤ ዋጋውም እንደኛ ላለ ሰው ይቻላል። ሾፌሮች ያድራሉ፣ የጫት ነጋዴዎች ያድራሉ፤ አንዳንዴም የጀጎልን ግንብና የጅብ ቅለባ ለማየት የመጣ ፈረንጅ ብቅ ይላል።

ከሁሉ የቆዩት እንግዳ አቶ እንደሻው ነበሩ። ለጥቂት ወራት ተብለው ከደብረ ማርቆስ በመንግሥት ሥራ መጥተው ዓመታት አልፈዋል። ሚስት አላገቡም፤ ሃምሳ የሚጠጋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ቤት ለምን እንደማይከራዩ ባለቤቴ ቢጠይቃቸው፣

«ቤት ከያዝኩማ ኗሪ ሆንኩ፤ እኔ ገና እያየሁ ነው» አሉት።

እውነትም ሲያዩ ነው የሚውሉት። እሑድ እሑድ በግንቡ ዙሪያ ይሄዳሉ፤ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ኤረር በር ላይ ወተት ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ቆም ብለው፣ «ይህ በር ድሮ ማታ ማታ ሲዘጋ ቁልፉ ማን ዘንድ ያድር ነበር?» ይላሉ። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ የምፈልገውን ሁሉ እሳቸው ስለሚጠይቁልኝ ባለቤቴና እኔ አብረናቸው መዞር ወደድን። ሌላው ጠባያቸው እጃቸው አርፎ አለመቀመጡ ነው። የላላ ማጠፊያ ካዩ ያጠብቃሉ፤ አቧራ ካዩማ አይችሉም።

አዴ ሳፊያ የሚኖሩበት ትልቁ ክፍል ከእኛ ክፍሎች ፊት ለፊት ነው። መደቦቹ በቀይ አፈር ተቀብተው ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ግድግዳው በስፌትና በአበባማ ሳህን ተሞልቷል። ከበሩ በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ በእንጨት ላይ ተጋድሟል። ምንጣፍ መሬት ላይ መነጠፍ ሲገባው ለምን እዚያ እንደወጣ ይገርመኝ ነበር። ለበዓል ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

የአዴ ሳፊያ ልጅ ሙና የአልጋ አንሶላ ስታጥብ ብዙ ጊዜ እረዳት ነበር። አንድ ቀን አንሶላውን አብረን ስንጨምቅ፣

«ሐሙስ የኢብራሂም እናት ሰዎች ይዛ ትመጣለች» አለችኝ። ኢብራሂም መኪና ግርግር በሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ የሚሠራ ልጅ ነው።

«ሊያዩሽ ነው ወይስ ሊጠይቁሽ?»

«አይተው ደስ ካላቸው ይጠይቃሉ። ካልጠየቁ ግን ሐረማያ ያለችውን የዘመዳቸውን ልጅ ያጩለታል።» ይህን ብላ ፊቷን በእርጥቡ አንሶላ ሸፈነች።

ሐሙስ የኢብራሂም እናት አዴ ሐሊማ ከሁለት ሴቶች ጋር መጡ። ጫማቸውን አውልቀው መደቡ ላይ ወጡ። አዴ ሳፊያ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ከፊታቸው ተቀመጡ። እኔ የቡና ገለባ በወተት የፈላበትን ሆጃ ከማድ ቤት አመላልስ ነበር። አዴ ሐሊማ ስኒውን ተቀብለው ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ከበሩ በላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች አዩ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አዩ። ወሬው ስለ ዝናቡና ስለ ስኳር ሆነ፤ ቀበሌው ሱቅ ስኳር መጥቷል፣ አልመጣም። ሆጃው ሳይደገም ተመርቆ ተወጣ።

አዴ ሳፊያ እስከ በር ሸኝተው ሲመለሱ ነው ያዩት። ከበሩ በላይ ባዶ እንጨት ብቻ ቀርቷል።

«ሱብሓነላህ» አሉና መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

ሙና ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ አየችና ተመልሳ ገባች። ተከትያት ገብቼ ያንን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋት።

«ምንጣፉ እዚያ ካለ የምትዳር ልጅ አለች ማለት ነው» አለችኝ እያለቀሰች። «ከወረደ ልጅቷ ተሰጥታለች። ለሌላ የሰጡኝ መስሏቸው ሄዱ።»

«ታዲያ ልከን እንንገራቸዋ።»

«የልጅ እናት ልጄ አልተወሰደችም፣ ኑ ብላ ትልካለች? ከተማው ሁሉ ይስቅብናል።»

ማታ አቶ እንደሻው ደስ ብሏቸው ገቡ። «አዴ፣ እንግዳ አለብኝ ሲሉ ሰምቼ ያንን ምንጣፍ ጠዋት ማድ ቤት ሳላችሁ አውርጄ አጠብኩልዎ። ዛሬ ይደርቃል ብዬ ነበር፤ ውፍረቱ አታለለኝ። ከኤረር በር ውጭ የወዳጄ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ጅብም አይበላው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።»

ማንም አልሳቀም። አዴ ሳፊያ አልተቆጡም፤ እንግዳ አይወቀስም። «አላህ ይስጥዎ» ብቻ አሉ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ በረንዳው ላይ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አቶ እንደሻው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ፣

«የልጅ እናት አትልክም?» አሉ።

«አትልክም አለች ሙና።»

«እኔ ግን የማንም እናት አይደለሁም» አሉ።

በማግሥቱ ከሥራ ሲወጡ ምንጣፉን ለማምጣት ሄድን፤ ከባድ ስለሆነ ጫፉን ልያዝልዎ ብዬ ነው የሄድኩት። ወደ ቤት የሚያቋርጥ አጭር መንገድ ነበር። እሳቸው ግን ዞረው በመኪና ግርግር መሐል ገቡ። ሰፊዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ኢብራሂም እኛን ሲያይ እግሩን ከመርገጫው አነሣ። እናቱ ከጎኑ ክርና ቁልፍ ይሸጣሉ።

«አቶ እንደሻው፣ ተሸካሚ ሆኑ?» አሉ አዴ ሐሊማ። አቶ እንደሻው ሱሪያቸውን ሁልጊዜ እዚያ ስለሚያሰፉ ይተዋወቃሉ።

«ተቀጥቼ ነው።»

«ማን ቀጣዎት?»

«ራሴ። የአዴ ሳፊያን ምንጣፍ ሳላስፈቅድ አውርጄ አጥቤ፣ ይኸው ተሸክሜ እመልሳለሁ። አቧራ ነበረው።»

የጎረቤቱ መኪና ሁሉ ጸጥ አለ። አዴ ሐሊማ ተነሥተው የምንጣፉን ጫፍ ገልጠው በጣታቸው አሹት።

«ወላሂ፣ የጎጃም ሰው ምንጣፍ የሚያጥበው እንዲህ ነው? ቀለሙ አልለቀቀም?»

«አልለቀቀም። ይዩት።»

«ሌላስ ከቤቱ የወጣ ነገር የለም?»

«የለም። ሁሉም እንዳለ ነው።»

አንዱ ሰፊ፣ «ኢብራሂም፣ መርፌህ ተሰበረ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት፤ ሌሎቹ ሳቁ። አዴ ሐሊማ ግን አልሳቁም። «ማታ ጤዛ ሳይነካው ያድርሱት» ብለው ወደ ክራቸው ተመለሱ።

እሑድ፣ ምንጣፉ ከበሩ በላይ ወደ ቦታው ተመልሶ ሳለ፣ ሦስቱም ሴቶች እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ሆጃው ሁለቴ ተቀዳ። አቶ እንደሻው ክፍላቸው ተደብቀው አልወጡም። እኔ ስኒ ስሰበስብ አዴ ሐሊማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«ሳፊያ፣ የመጣነው ለልጅሽ ነው» አሉ።

አዴ ሳፊያ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «መልካም። ከዘመዶቿ ጋር እንመክርበታለን፤ ኢንሻአላህ እናስታውቃችኋለን» አሉ፤ ፊታቸው ላይ አንዳች ነገር አይነበብም።

ደንግጬ ስኒዎቹን ይዤ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሙና በሩ ስንጥቅ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትስቃለች።

«ለምን እሺ አላሉም?» አልኳት።

«ወዲያው እሺ ካለች ምኑን የሴት ልጅ እናት ሆነች?» አለችኝና የቀረውን ሆጃ ለአቶ እንደሻው ይዛ ወጣች።