የወንድሜ አስተርጓሚ

ታላቅ ወንድሜ በዐሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ወንድምጋሼ ነው የምለው። በፈረንጆቹ 2014 ገደማ እሱ ሆሊውድ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና ፓርክ ያደርግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። የምንኖረው አንድ ላይ፣ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው። መጠጡ ሲብስበት ሐኪም ጋ አልወሰድኩትም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ቸርች ወሰድኩት። እጅ ጭነው ጸለዩለት፣ በሦስተኛው እሑድ መድረክ ላይ አወጡት። ማይኩን ተቀበለ።

"ጌታ ነጻ አውጥቶኛል" አለ።

ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔ አለቀስኩ። ጠዋት መኪና ውስጥ አፉ መጠጥ መጠጥ ሸትቶኝ ነበር። እንዳልተወ እያወቅሁ ነው ያለቀስኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ ቦታ አለቃው "ወይ ታከም፣ ወይ ልቀቅ" አለው። ፒኮ መንገድ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። አማካሪዋ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯ የሸበተ አሜሪካዊት ናት። አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው በስልክ ለማግኘት ሳምንታት መጠበቅ ሊኖርብን ነው ተባለ።

"እህቴ አለች አይደል፤ እሷ ታስተርጉም" አለ ወንድሜ። አማካሪዋ ትንሽ አመነታችና ኦኬ አለች።

ስብከት ጠብቄ ነበር፤ አልሰበከችም። "ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ምክር የለኝም" አለችው። "አንዱ ሰው መሀል ሲሆን ይጠጣል፣ ሌላው ብቻውን ሲሆን። አንዱ ሲናደድ፣ ሌላው ሲያፍር። ያንተን ካላወቅሁ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው የማለብስህ። የትኛው ቀን ይብስብሃል?"

ወንድሜ በአማርኛ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እሑድ። ከቸርች ስንመለስ። መድረክ ላይ ቆሜ ከዋሸሁ ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ ውሸቴን የሚያነበው ይመስለኛል። ቤት ስንገባ እህቴ በስልክ 'ወንድሜ ተፈወሰ' ስትል እሰማታለሁ። ያን ጊዜ ካልጠጣሁ መተንፈስ ያቅተኛል።"

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

እንግሊዝኛው አልጠፋኝም። "ሥራ ቦታ ያሉ ጓደኞቹ ይገፋፉታል" አልኩ። "እሑድ ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ይብስበታል። ቸርች ሲሆን ግን ደህና ነው።"

አማካሪዋ ጻፈች። እሷ እየጠየቀች፣ እኔ እያጣመምኩ ሰዓቱ አለቀ። በሳምንቱ ለወንድሜ ብቻ ያዘጋጀችውን እቅድ ይዛ ጠበቀችን፤ የተጨነቀችበት መሆኑ ያስታውቃል። ጓደኞቹ "ና፣ አንድ ቅመስ" ቢሉት ምን ብሎ እንደሚመልስ አለማመደችው። እሷ ጓደኛውን ሆና ትጋብዘዋለች፣ እሱ እምቢ ይላል። እሑድን ሙሉ ቸርች እንዲውል፣ ሲጨንቀው ደግሞ መጀመሪያ ለእኔ እንዲደውል ነገረችው። ወንድሜ እሺ እሺ አለ። አብሮት የሚጠጣ አንድም ጓደኛ አልነበረውም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ነው የተናገረው።

"ያልኩትን አላልሽላትም።"

"እንዴት?"

"ሃያ ዓመት የፈረንጅ መኪና ስቀበል ኖሬ፣ ጓደኛና ቸርች የሚለው ቃል ይጠፋኛል?"

"ታዲያ ለምን አላረምከኝም?"

"ሰው ፊት ላዋርድሽ?"

"ወንድምጋሼ፣ ገመናችንን ለማናውቃት ሴት..."

"ገመናው የኔ ነበር" አለ። "በይ ድራይቭ አድርጊ።"

ያኔም ተመልሼ ገብቼ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ሞተሩን አስነሳሁ።

ሁለት ወር ያህል እቅዱን አንድ ሳያጎድል ፈጸመ። እሑድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ቸርች ይውላል፣ ሰው ይስመዋል፣ ምስክርነቱን እያነሱ ያመሰግኑታል። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሽ አጣሁት። ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናዬ ኋላ ወንበር ላይ፣ ደም እያስታወከ አገኘሁት። ሆስፒታል ሐኪሞቹ ስንት ጊዜ እንደሚጠጣ ሲጠይቁኝ የማውቀውን ሁሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቀንስ ተናገርኩ።

በማግስቱ አማካሪዋ ጋ ደውዬ ያደረግሁትን ነገርኳት።

"ዘመድ እንዲያስተረጉም መፍቀድ አልነበረብኝም፤ ጥፋቱ የኔም ነው" አለች። ቀጥላ ግን፣ "ሶ ሁለት ወር ሙሉ የሌለ ሰው ነበር የማክመው" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ከአማካሪዋ ጋር ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ በስልክ አንድ ወንድ አስተርጓሚ አገኙለት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ የወንድሜ ሳቅ ይሰማኛል። ቤት ውስጥ ስቆ አያውቅም። አዲሱ እቅድ ምን እንደሚል ማንም አልነገረኝም፤ ከሚሆነው ነው ያወቅሁት። ቸርች መምጣት ተወ። ከዚያ በርባንክ ከተማ ክፍል ተከራይቶ ከእኔ ቤት ወጣ። ሁለት ጊዜ እንደገና መጠጣቱን ከሌላ ሰው ሰማሁ። ከሁለተኛው በኋላ አቆመ።

የቸርች ሰው የት ጠፋ ብሎ ሲጠይቀኝ ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ፓስተሩ የወንድሜን መፈወስ አሁንም በስብከት መሀል ያነሳዋል፤ እኔም ከሰዉ ጋር አሜን እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ወንድሜ ሱቅ መጥቶ በርበሬ ገዛ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስተናገድኩት። "ደህና ነሽ?" አለኝ፤ "ደህና" አልኩት። ፊቱ ሞላ ብሏል። ማን እንደሚያበስልለት አላውቅም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩም።