«ኖር» ያልተባለው ሰው

ሰውዬው «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» ሳይል ንግግር ጀምሮ አያውቅም። ቦሌ ቡልቡላ ሜዳ ላይ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ማይክራፎን በጨበጠ ቁጥር ይህችን ይላታል፤ እንግዶቹም ያጨበጭቡለታል። እኔ ስሰማት ጥርሴን እነክሳለሁ። ውሸት ሆና አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አጥራችን አንድ ነበር። የሚያናድደኝ እውነት መሆኗ ነው።

ያኔ ቡልቡላ ገና ጤፍና ሽንብራ የሚዘራባት ገጠር ነበረች። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ በሬዎቹ እንኳ ቀና አይሉም ነበር። የእሱ አባት በሬ ሲሞትበት አባቴ የራሱን ጥማድ እየሰጠ ሁለት ክረምት አሳርሶታል። እሱና እኔ ደግሞ የታችኛውን ማሳችንን ጤፍ አብረን አርመናል። ከሰፈሩ ልጆች እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል የዘለቀ እሱ ብቻ ስለነበር ገበሬዎቹ «አፍ ይሁነን» ብለው የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ አደረጉት። አባቴም እጁን አውጥቶ መርጦታል። ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ ወጣ። ወጥቶም ከእኛ ጋር ኦሮምኛ መናገር ተወ።

ኮንዶሚኒየሙ ሲመጣ መሬታችን ሊለካ ሆነ። ያረሰው ሰው ምትክ ቦታ ያገኛል፤ የግጦሽ መሬት ከተባለ ግን ምንም የለም። አባቴ ወረቀት አልነበረውም። የነበረው ምስክር ነው፤ የልኬታ ኮሚቴውን የሚመራው ደግሞ ያው የጎረቤታችን ልጅ። አባቴ እፎይ አለ። «እሱ ያውቀዋል፤ አርሞበታል» አለኝ።

ስብሰባው ላይ ዝርዝሩን ራሱ አነበበው። የታችኛው ማሳችን የግጦሽ መሬት ተብሏል። አባቴ ተነስቶ በኦሮምኛ «ምነው ልጄ?» ብሎ ጠየቀው። እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የልማት ተነሺዎች ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» አለ፤ በአማርኛ። ተነሺ የተባልነው እኛ ነን። አባቴ መጻፍ እንደማይችል ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያ ማሳ ላይ ዛሬ የማን ፎቅ እንደቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከወራት በኋላ፣ ቤታችን ፈርሶ ገርጂ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሳለን መጣ። ምርጫ ደርሶ ስለነበር ካሜራ የያዙ ሰዎች አስከትሎ ሽማግሌዎችን እየዞረ ይጠይቅ ነበር። አባቴ ማለት በሩ ላይ ሰው ካየ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ብድግ ብሎ «ኖር!» የሚል ሰው ነው። ቤታችን ኦሮምኛ ቢነገርበትም ይህችን የአማርኛ ቃል ይወዳታል። ጉልበቱን ታሞ እንኳ በምርኩዝ እየተነሳ ይላታል። በዚያን ቀን ግን ከመደቡ ንቅንቅ አላለም።

ሰውዬው ደፍ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ካሜራዎቹም ጠበቁ። ሲጨንቀው ለመሳቅ እየሞከረ፣ «አባባ፣ ዛሬ ኖር የለም እንዴ?» አለ።

አባቴ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ፣ ረጋ ብሎ መለሰለት።

«አንዴ አስነስተኸኝ የለም እንዴ? ስንት ጊዜ ልነሳልህ?»