ልጄ ወደ ሳፋው የምትወረውራቸው ካልሲዎች

የልጄ የፅዮን መርዶ የደረሰኝ ቀን ካልሲዎቿ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ወድቀው ነበር። ማንም እንዲነካቸው አልፈቀድኩም።

ሁልጊዜ አልጋዋ ላይ ሆና ነበር የምትወረውራቸው። «ተነስተሽ አስቀምጪ፣ አንቺ ሰነፍ!» እላታለሁ። «እማ፣ ፊዚክስ እያጠናሁ ነው» ትለኛለች።

ዛሬ አርባዋን አውጥተን ከቂርቆስ ስንመለስ አብራት ቅርጫት ኳስ የምትጫወት ጓደኛዋ የፅዮንን የፊዚክስ ደብተር ሰጠችኝ። ውስጡ ሳፋዬ ተስሏል፤ ካልሲው የሚሄድበት ጎባጣ መስመርም ከነቁጥሩ አለ።

«እትዬ፣ እኛንም በዚህ ነው ያስተማረችን። ኳሱን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ሲወርድ ይገባል ትለን ነበር።»

ደክሞኛል። ግን ካልሲዎቿን አንስቼ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ወደ ሳፋው ወረወርኩ። የመጀመሪያው ልታጽናናኝ የመጣችውን ጎረቤቴን መታ። ሁለተኛውን ከፍ አደረግኩት፤ ገባ።

እናንተስ ሳይገባችሁ የተቆጣችሁት ልጅ አለ? ጻፉልኝ። ልጄንም በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ሥላሴ ብላችሁ በጸሎት አስቡልኝ።