መላጫው እስኪደርቅ

ሊይዙኝ ሲመጡ ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። ግራ ጉንጬ አልቋል፤ ቀኙ አረፋ እንደ ለበሰ ነው። «ልጨርስ?» አልኩ።

«እዚያ ትጨርሳለህ» አለኝ አንዱ። ባለቤቴ ፎጣ አቀበለችኝ፤ አረፋውን መኪና ውስጥ ጠረግሁት።

ያስገቡኝ ደብረ ብርሃን ዳርቻ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ከደጁ ይብሳል። በሩ ሲከፈት ሁሉም ፊቴን አየ፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ «ቅዳሜ ትጨርሰዋለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለሁላችንም ያለው መላጫ አንድ ነው። ጠባቂው ቅዳሜ ጠዋት ያመጣዋል፣ ስንጨርስ ይወስደዋል። ምላጭ ግን ለየራሳችን ነበር። ይህን ያስለመዱት ሽማግሌው ናቸው፤ ከዚያ በፊት በአንድ ምላጭ ሲላጩ የሁሉም ፊት ቆሳስሎ ነበር አሉ። ተላጭተን ስናበቃ መላጫውን ይፈታቱታል፤ የደረቀውን ሳሙና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋሉ፤ ዝገቱን በሎሚ ልጣጭ ያሻሉ። ከዚያ በፔርሙስ ሙቅ ውሃ አለቅልቀው፣ በመስኮቷ በምትገባው ፀሐይ ያሰጡታል።

አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ሲያደርጉ በሩ ተበረገደ። ጠባቂው ስማቸውን ጠራ። «ከነዕቃዎ ይውጡ!»

ከነዕቃህ ውጣ ማለት ወይ ወደ ቤትህ ነው፣ ወይ ወደማይታወቅ ቦታ። ከእሳቸው በፊት እንዲህ የተጠራው ልጅ የት እንደ ደረሰ ቤተሰቡም አላወቀ።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «እርጥብ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«መላጫው። እንዲህ ከገጠምኩት ይዝጋል። ትንሽ ታገሠኝ፣ ልጄ።»

«አባት፣ መኪናው እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ። እነዚህ በሚመጣው ቅዳሜም ይላጩበታል።»

ጠባቂው ሊጮህ አፉን ከፈተና ተወው። በሩን ተደግፎ ቆመ። እሳቸው ፀሐይዋ ላይ ብረቱን ያገላብጣሉ። ሲደርቅ «ቢስሚላህ» ብለው ገጠሙና ለጠባቂው ሰጡት። ብሩሹን ለእኔ አቀበሉኝ። «አደራ» አሉ። ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ።

ከተፈታሁ በኋላ በገበያ ቀን አልዩ አምባ ወረድኩ። ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ ሲለኩ አገኘኋቸው። ሌላ እስር ቤት ወስደዋቸው፣ እዚያ ከርመው ነው የተፈቱት። ተቃቅፈን ቆየን።

«ያን ዕለት አልፈሩም ነበር፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ፈርቼ እንጂ! ጉልበቴ እስኪረጋ ነበር የማደርቀው» ብለው ሳቁ።

አሁን ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ሲደወልልኝ ወዲያው አላነሣም። የያዝኩትን ሥራ መልክ አስይዤ፣ ትንፋሼ ሲመለስ ነው «አቤት» የምለው።