ቅርንፉድ የሚሸተው ጎራዴ

ሻይ በቅርንፉድ አልጠጣም። ለቅሶ ቤትም ይሁን ሰርግ ቤት፣ ብርጭቆውን አሽትቼ እመልሰዋለሁ፤ ሰውም የአሮጊት አመል ነው ብሎ ትቶኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ማምለጫ አጣሁ። መንጋጋዬ ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ የወንድሜ የልጅ ልጅ ናቲ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ተራችንን ስንጠብቅ ስልኩን አውጥቶ የካርቱን ፊልም ከፈተ፤ ሳሙራይ የሚባሉት የጃፓን የጥንት ጦረኞች፣ ጉም የዋጠው ግንብ፣ የነካውን ሁሉ የሚገድል የተረገመ ጎራዴ፣ ምስጢሩን ለማወቅ በየጓዳው የሚሹለከለኩ ልጆች። «እማማ፣ እዪ እዪ፣ ጎራዴው በራሱ ይንቀሳቀሳል!» ይለኛል። ይህን ሲል የሐኪሙ በር ተከፈተና ለጥርስ የሚቀቡት የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጎራዴና ቅርንፉድ አንድ ላይ! ወይ ጉድ፣ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ ያ የጉለሌው ግቢያችን መጥቶ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ተፈራ በጃንሆይ ዘመን ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነበር። አብረውት የዘመቱት ራዲዮና የእጅ ሰዓት፣ ለሚስቶቻቸውም የሐር ጨርቅ ይዘው ሲመጡ፣ የእኔ አባት ለእረፍት ጃፓን በወረደበት ጊዜ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሽማግሌ የገዛውን ረጅም፣ ቆልመም ያለ ጎራዴ ታቅፎ መጣ። እናቴ ይህንን ይቅር ሳትለው ሞተች። የጎረቤታችን የእትዬ በለጡ የሐር ቀሚስ በደጃችን ሽው ባለ ቁጥር «ለሰው ሐር፣ ለእኔ የበግ ማረጃ!» ትል ነበር፤ አባቴም ሰምቶ እንዳልሰማ ጢሙን ይፈትላል።

ጎራዴውን ግን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚይዘው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥቶ ይቀመጥና፣ ከአፎቱ ቀስ አድርጎ መዝዞ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውለዋል፣ ከዚያ ዘይት ይቀባዋል። ሽማግሌው በእጅ ምልክት እያሳየ የሰጠው፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ነበረው፤ እሱ ሲያልቅበት እናቴ ለመከለሻ ያስቀመጠችውን ቅርንፉድ ሰርቆ፣ ወቅጦ፣ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት ውስጥ ዘፈዘፈው። በክረምት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ግቢያችንን ሲሞላው፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ቅጠልና የዚያ ዘይት ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። በእርጥብ እጁ ወደ ጎራዴው የተጠጋ ልጅ ወዮለት! «ውሃ ጠላቱ ነው፤ አንድ ሌሊት ከነካው በልቶት ያድራል» ይለን ነበር። ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

እሁድ ማምሻውን ደግሞ ሲኒማ ነበረን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግቢያችን ይታጎራል። አባቴ እናቴ ሽሮ ሜዳ ያሠራችውን ነጠላ፣ እሷ ጥቀርሻ ያስነካዋል እያለች እየተነጫነጨች፣ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና መሃል ይወጥርና ከኋላው ፋኖስ ያበራል። ከሳሙና ካርቶን የቆረጣቸው ሳሙራዮች ክንዳቸውና ጉልበታቸው በሽቦ የተያያዘ ስለነበር፣ እንጨታቸውን ሲያንቀሳቅሰው ይራመዳሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ጎራዴ ይመዛሉ፤ ጥላቸው ነጠላው ላይ ሲገዝፍ ትንንሾቹ እየጮሁ እርስ በርስ ይወሸቃሉ። አባቴ የጃፓን የሰው ስም ስለማያውቅ የሰማውን ከተማ ሁሉ ሰው አድርጎት ነበር፤ ጌታው ደጃዝማች ዮኮሃማ፣ ልጃቸው ወይዘሪት ኦሳካ፣ ጠጅ አሳላፊው ቶኪዮ። ጎራዴያቸው፣ ከሽማግሌው ሰማሁ እንደሚለን ይኸው የእኛው ጎራዴ፣ የተረገመ ነው፤ አንዴ ከተመዘዘ ደም ሳያይ ወደ አፎቱ አይመለስም። አንድ ማለዳ ደጃዝማች ዮኮሃማ መኝታቸው ላይ ተገድለው ተገኙ፤ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፣ ጎራዴው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ደም ያንጠባጥባል። ማን ገደላቸው? ልክ እዚህ ላይ ሲደርስ ፋኖሱን እፍ! ሳምንቱን ሙሉ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ክርክራችን ይኸው ነበር። ሁላችንም እርግማኑ ነው ስንል ጓደኛዬ ፅጌ ብቻ አፍንጫዋን ነፍታ «ጎራዴ እግር የለውም፤ የያዘው ሰው አለ» ትለን ነበር።

ፅጌ ስለ ብረት ብትናገር ያምርባታል። አባቷ ጋሽ ደሳለኝ፣ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን፣ ወደ ቀጨኔ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ወናፉን እያናፋ ቢላዋ፣ መጥረቢያና የበር ማጠፊያ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። የሳሙራዮቹን የሽቦ መገጣጠሚያ ያበጀልን እሱ ነው። የሰፈራችን ሰው ቢላዋው ሲዶለዱም «ጋሽዬ» ይለዋል፣ ስሎ ሲሰጠው ዞር ብሎ «ቡዳ» ይለዋል፤ ልጅ የታቀፈች ሴት መንገድ ላይ ስታገኘው የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከእሱ ጋር ተቀምጦ የሚበላና የሚጠጣ አባቴ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ደሳለኝ ያ ሽማግሌ ስለ እርግማኑ በምን ቋንቋ እንደነገረው ቢጠይቀው፣ አባቴ «ምን ተግባባንና! እኔው ነኝ የረገምኩት» ብሎት ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ የጎራዴው እጀታ ላላ። አባቴ አጥሩን ዞሮ ለጋሽ ደሳለኝ ሰጠው፣ እሱም አዲስ ችንካር አበጅቶ፣ ጠበቅ አድርጎ መለሰለት። በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን አሰፋን ኩፍኝ ያዘው። በዚያ ክረምት ኩፍኝ ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ የእኛ ግን የተረገመ ጎራዴ ያለበት ቤት ነውና እትዬ በለጡ የሐር ቀሚሷን እየጎተተች መጣች፣ ዓይኑ የተጣበቀውን ልጅ አየች፣ ከንፈሯን መጠጠችና እናቴን «እኔ የለሁበትም፤ ግን ያንን ብረት ሰሞኑን ማን ነው የነካካው?» አለቻት። በቃ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጇ በትኩሳት እየነደደ ክንዷ ላይ የሚቃዥባት እናት ነበረች። ጎራዴውን ይዛ ቄስ ዘንድ ብትሄድ «ብረት አይጠመቅም፤ ይልቅ ልጁን ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብለው መለሷት። እሷ ግን ጠበሉን በእንስራ አዝላ መጥታ፣ አባቴ ለጥበቃ ወጥቶ በሌለበት፣ ጎራዴውን ከአፎቱ መዝዛ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፈችው። እዚያው አደረ፤ እዚያው ሰነበተ።

እሁድ ማምሻውን አባቴ ከጥበቃ ሲመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ነጠላውን ወጥረን ሲኒማችንን እንጠብቃለን፣ ትልልቆቹን ደግሞ እትዬ በለጡ ጠርታቸዋለች። እናቴ እጇን ገንዳው ውስጥ ከትታ ጎራዴውን አወጣችው። ያ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ብረት ቀልቷል፤ ቀይ ውሃ በክንዷ እስከ ክርኗ ወረደ። «ደም! ኧረ ደም አወጣ!» ተብሎ ግቢው ቀለጠ። ጋሽ ደሳለኝ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ መጣና «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዝገት ነው! ብረት ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ምን ሊሆን ኖሯል?» አለ። «አንተማ ሌላ ምን ልትል ኖሯል!» አለችው እትዬ በለጡ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ጋሽ ደሳለኝም ዞረ፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር፣ ጓደኛው አሁን ይስቅና ነገሩ በሳቅ ያልቃል ብሎ። አባቴ ቀረበ። ጣቱን ብረቱ ላይ አሳረፈ፣ ቀዩን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ አሸተተው፣ ከዚያ በሱሪው ጠረገና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ቤት ገባ። ፋኖሱን ያበራ ሰው አልነበረም።

ለምን ዝም አለ? ዕድሜዬን ሙሉ ሳወጣው ሳወርደው ኖሬያለሁ። ሚስቱን በሰው ፊት ማሳፈር ከብዶት ይሆናል። እርግማኑን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብሎ ጀግናው ሃምሳ አለቃ ውሸታም መባልን ጠልቶ ይሆናል። ወይ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ የልጁን ማቃሰት እየሰማ እሱም የገዛ ተረቱን መጠርጠር አቅቶት ይሆናል። የኮሪያ ተራራ ላይ ጥይት ያልበገረው ሰው የእትዬ በለጡን ምላስ ፈራ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ እገሌም እገሊትም የጋሽ ደሳለኝን ደጅ መርገጥ ተዉ። ቦኖ ላይ የፅጌን ባልዲ ከተራው እያወጡ ጭቃ ላይ ይወረውሩት ጀመር። እናቷ እንዴት ዋላችሁ ብላ የሚመልስላት አጣች፤ ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ ይዘንባል። ብዙም አልቆዩ፣ ወናፉንና መስፈሪያ የማይሞላ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወጡ። አሰፋንስ? ኩፍኙ ጊዜውን ጨርሶ ለቀቀው፤ እነሱ በወጡ ማግስት ተነስቶ ዳቦ ጠየቀ። ለሰፈሩ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻዋል! እልል ተባለ። ወንድሜ ድኖ ደስ ያላለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ፅጌ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ። ስንብት መስሎኝ ሮጥኩ። አላለቀሰችም። «አባትሽ ለምን ዝም አለ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጠብቃኝ ጠብቃኝ ዞራ ሄደች። የት እንደገቡ አንዱ ወደ ዊንጌት በኩል ነው ይላል፣ አንዱ ከነጭራሹ ከከተማው ወጥተዋል ይላል። ካደግሁ በኋላ ገበያ ውስጥ ቢላዋ የሚሸጥ ባየሁ ቁጥር ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሳሙራዮቹን ከካርቶናቸው አላወጣም። ጎራዴውን እንደረጠበ አፎቱ ውስጥ ከትቶ አልጋ ሥር ወረወረው፤ ዘይትም አልቀባውም፣ በዝገት ተጣብቆ ማንም የማይመዘው ሆኖ ቀረ። ደጃዝማች ዮኮሃማን ማን እንደገደላቸው ሳናውቅ አደግን። አባቴ አርጅቶ አልጋ ከያዘ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ገንፎውን ሳጎርሰው እጄን ያዘኝና «ዝገት ነበር እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ አባዬ» አልኩት። «እሱን ለፅጌ ንገራት» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ክፉ ተናግረሽዋል የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። አጥሩ ፈርሷል፣ የጋሽ ደሳለኝ ወናፍ የነበረበት ቁልቁለት ላይ ፎቅ ቆሟል፣ እናቴም እትዬ በለጡም አፈር ለብሰዋል፤ እኔ ግን ፅጌን የመሰለች ጓደኛ ዳግመኛ አላገኘሁም።

«እማማ፣ አለቀ!» አለኝ ናቲ፣ ስልኩን እያጠፋ። «ጎራዴው እርግማን የለውም። ወሬውን ያስወራው የግንቡ ጌታ ራሱ ነው።»

«ታዲያ ምን አደረገ?»

«ሁሉም ሰው ፊት ወጥቶ ተናገረ።»

ነርሷ ስሜን ጠራች፤ የቅርንፉዱ ሽታ ወዳለበት ክፍል ለመግባት ከዘራዬን ተደግፌ ተነሳሁ።

«ካርቱን ነዋ!» አልኩት።